«በየስንት ደቂቃ ልቅዳ?»፦ የኮርቲሶልን ምት በተደጋጋሚ የደም ናሙና የመለካት አሠራር

ባሕር ዳር ውስጥ በላብራቶሪ ሥራ የቆየ ሰው ከተመራቂ ተማሪ ስልክ አያመልጥም። የሚደርሰኝ ጥያቄ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኮርቲሶልን በየስንት ደቂቃ ልቅዳ? ጠዋትና ማታ ብቻ ብወስድ አይበቃም?» በስልክ ስመልስ ሁልጊዜ አንድ ነገር እረሳለሁ። ስለዚህ ከአልጋው እስከ ግራፉ ያለውን እዚህ ጻፍኩት።

አጭሩ መልስ «በየ10 ደቂቃው» ነው። ከደቂቃው በላይ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። የምትለኩት የጭንቀት ሆርሞን ነው። መርፌው፣ የሚንኳኳው በር፣ የሚጮኸው ስልክ፣ እናንተ ራሳችሁ ክፍሉ ውስጥ ስትመላለሱ፣ ሁሉም ሆርሞኑን ያነሣዋል። መጨረሻ ላይ ግራፉ ላይ ከምታዩት ጉብታ ስንቱ የሰውዬው ነው? ስንቱን እናንተ ሠራችሁት? ከታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ይህን ለመለየት የሚደረጉ ናቸው።

«ምት» ስል የልብ ምት ማለቴ አይደለም። ሆርሞኑ አንዴ ፈንጠር ብሎ ወጥቶ ጋብ ማለቱን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሥራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው ፕሮቶኮል፣ የተሳታፊው የጽሑፍ ስምምነትና እዚያው የሚገኝ ሐኪም ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትጀምሩ። ነፍሰ ጡር፣ ደም ማነስ ያለበትና ባለፉት 3 ወራት ደም የለገሰ ሰው አይገባም።

ለምን 10 ደቂቃ?

ኮርቲሶል እንደ ተከፈተ ቧንቧ ዝም ብሎ አይወርድም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ መጀመሪያ ኤሲቲኤች የሚባለውን ሆርሞን ትለቃለች። 10 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶልን ይለቃል። ከዚያ ጋብ ይላል። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይደገማል። በእነዚህ ምቶች ላይ ደግሞ ትልቁ የቀን ዑደት አለ። ከእንቅልፍ በምንነሣበት ሰዓት ጫፍ ይደርሳል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል።

ጣና ዳር ቆማችሁ ማዕበል ላይ ያለች የደንገል ታንኳ ተመልከቱ። ከፍ ዝቅ ትላለች። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ታንኳዋ ከፍ ባለች ቁጥር ብቻ ብትገልጡ የቆመች ትመስላችኋለች። አልፎ አልፎ መቅዳትም እንዲሁ ያሞኛል። ምቱ በየ75 ደቂቃ እየመጣ እናንተ በየ60 ደቂቃ ብትቀዱ፣ ግራፉ ላይ አንዱ ዙር 5 ሰዓት የሚፈጅ ማዕበል ይሣልላችኋል። ሰውዬው ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕበል የለም። የናሙናው ክፍተት የፈጠረው ነው።

ስለዚህ፦

በየ60 ደቂቃ ከቀዳችሁ የቀኑን ዑደት ብቻ ታያላችሁ፤ ስለ ምት አንድ ቃል አትጻፉ። በየ30 ደቂቃ ትልልቆቹ ብቅ ይላሉ። በየ20 ደቂቃ ለኮርቲሶል ብቻ፣ የደሙ መጠን ካሳሰባችሁ፣ ትንንሾቹ እንደሚያመልጡ አውቃችሁ። በየ10 ደቂቃ ለኮርቲሶል ጥሩ ነው። ኤሲቲኤችም ከፈለጋችሁ ከ10 ደቂቃ አትዘልቁ፤ ደም ውስጥ ያለው መጠን በ10 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ስለሚወርድ ቶሎ ያመልጣል።

24 ሰዓት ከሆነ እሰየው። የማስተርስ ተማሪ ከሆናችሁ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያለው 12 ሰዓት ብዙ ያሳያል፤ ዝቅታውም የንጋቱ ጭማሪም ውስጡ አለ። ከዚህ በታች ምሳሌዬ ሁሉ በዚህ በ12 ሰዓቱ ነው።

የደሙን ሒሳብ አስቀድማችሁ ሥሩ። በየ10 ደቂቃ ለ12 ሰዓት 73 ናሙና ነው (72 ሳይሆን 73፤ የደቂቃ 0ን አትርሱ)። አንዱ ናሙና 2 ሚሊ ሊትር ነውና ሲባዛ 146 ሚሊ ሊትር። ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት ከማራዘሚያ ቱቦው የሚሳበውን፣ ከሳላይን ጋር የተቀላቀለ 2.4 ሚሊ ሊትር ደም (ደረጃ 4ን እዩ) የምትጥሉ ከሆነ ግን 175 ይጨመርበትና 321 ይሆናል። ለ24 ሰዓት 145 ናሙና ይሆናልና በዚያው አካሄድ 638 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። አንድ ደም ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 450 ነው። ኮሚቴው የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 18 ወይም 20 ጌጅ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ)፣ መለዋወጫውን ጨምሮ
- ረጅም ማራዘሚያ ቱቦ፣ 2 ስሪ ዌይ (የፈሳሹን መንገድ የሚቀይር ባለ ሦስት አፍ መዘውር)፣ ኖርማል ሳላይን (ለደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) እና የድሪፕ መሥመር
- 5 ሚሊ ሊትርና 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች፤ ከናሙናው ቁጥር 20 ያህል ጨምሩ
- ሐምራዊ ክዳን ያላቸው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቲዩቦች፣ ፕላስቲክ የሆኑ
- በረዶ የሚገባበት አይስ ቦክስ፣ ቴርሞሜትር
- የሚያቀዘቅዝ ሴንትሪፊውጅ (ደሙን አሽከርክሮ ፈሳሹን ከሴሎቹ የሚለይ ማሽን)፣ ፒፔት፣ ክዳናቸው የሚጠብቅ ትንንሽ ፕላስቲክ ቲዩቦች
- የ−80 ፍሪዘር (ለኮርቲሶል ብቻ ከሆነ ለአጭር ጊዜ −20 ይበቃል)
- ጓንት፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ ሴፍቲ ቦክስ
- አጎበር፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ቀይ ወይም ደብዛዛ መብራት
- መዝገብ፣ እርሳስ፣ አንድ ሰዓት። አንድ ብቻ።
- ሰው፦ ቢያንስ ሦስት። አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያሽከረክራል፣ አንዱ ይጽፋል። በየ4 ሰዓቱ ተቀያየሩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ብቻ ከቀረ ከእንቅልፍ ጋር የሚታገለው ተሳታፊው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

አሠራር

1. ሰውዬውን በደንብ ጠይቁ።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ «አልወስድም» ይላል። ከዚያ «ፊት ላይ የምትቀባው ነገር አለ?» ስትሉ ከገበያ የተገዛ የሚያቀላ ቅባት ከቦርሳ ይወጣል። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን አለ። እነዚህ በቆዳ አልፈው የራስን ኮርቲሶል ያፍናሉ፤ ግራፋችሁ ዝርግ ይሆናል። የአስም መንፊያ፣ የመገጣጠሚያ መርፌ፣ የዓይን ጠብታም እንዲሁ ስም በስም ይጠየቃሉ። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በተቃራኒው መመርመሪያ ኪቱን ያታልላል፤ ኮርቲሶል ሳይኖር ያለ ያስመስላል።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ኮርቲሶልን የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚጨምር ጠቅላላው ቁጥር ከፍ ይላል፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ካላቆሙ አታስገቡ። ለፀጉር የሚወሰድ ባዮቲንም አንዳንድ ኪቶችን ያሳስታል።

የሌሊት ሠራተኛ፣ ማለትም ዘበኛ፣ ተረኛ ነርስ፣ ሌሊት የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር፣ ዑደቱ ዞሯል። ትኩሳት ያለበት አይገባም፤ ሕመም በራሱ ኮርቲሶልን ይሰቅላል፣ እኛ አገር ደግሞ ከዝናብ በኋላ ወባ አለ። የጾም ወቅት ከሆነ የሚጾምና የማይጾም አትቀላቅሉ። ራት ከመፍሰክ ጋር ከተያያዘ የምግቡ ሰዓት ይለያያል፤ ምግብም ኮርቲሶልን ያነሣል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ምክር። ከዘጌ የመጣ ሰው «ነገ ቡና የለም» ሲባል ራሱ ጭንቀት ነው። በድንገት ያቆመ ሰው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ እናንተም ያንን ትለካላችሁ። ከ5 ቀን በፊት ከሦስተኛው ጀምሮ ቀንሱ፦ በረካ ይቅር፣ ከዚያ ቶና ይቅር፣ ከዚያ አቦል።

2. ክፍሉን አዘጋጁ።

ጸጥ ያለ ክፍል ያዙ። ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ትንኝ አለ። ጆሮ ሥር አንዲት ትንኝ ጢዝ ካለች እንቅልፍ የለም፣ እንቅልፍ ከሌለ የእኩለ ሌሊቱ ዝቅታ የለም። አጎበር ስቀሉ። ማራዘሚያ ቱቦውን ከአጎበሩ ጠርዝ ሥር አውጥታችሁ ከተቻለ በግድግዳው ቀዳዳ ወይም ገርበብ ባለው በር ወደ ጎረቤት ክፍል አስወጡት። ለዚህ ነው ረጅም ቱቦ የሚገዛው፦ ሰውዬው እያንኮራፋ እናንተ ከውጭ ትቀዳላችሁ።

መጋረጃው ንጋትን ይከልክል። የሌሊት ማሕሌት ወይም የንጋት አዛን የሚሰማበት ክፍል ከሆነ ቤተኛ ሰው ላይረበሽ ይችላል፤ ግን የተሰማበትን ደቂቃ መዝግቡ። የተሳታፊውም የናንተም ስልክ ይጥፋ። ንዝረት ማድረግ ማጥፋት አይደለም።

ከተቻለ ሰውዬው ከዋናው ሌሊት በፊት አንድ ሌሊት ያለ መርፌ እዚያው ይደር። አዲስ አልጋ ላይ የመጀመሪያ ሌሊት ማንም በደንብ አይተኛም።

3. ሰዓቱን በደቂቃ ቁጠሩ።

ይህን የጻፍኩት ተቃጥዬ ነው። አንድ ሌሊት ከመዝጋቢዎቹ አንዷ በኛ አቆጣጠር «7:40» እያለች ጻፈች። የተካት ልጅ ስልኩን እያየ «1:40» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ገብቶ በሰዓት ሲደረደር ግን የሌሊቱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ፊት ተሰለፈ። ግራፉ ላይ ሁለት ንጋት ያለው ሰው አገኘን።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ደቂቃ 0 ነው። ከዚያ 10፣ 20፣ 30 እያለ እስከ 720። መብራት የሚጠፋው ደቂቃ 120፣ እኩለ ሌሊት ደቂቃ 240፣ ንጋት 12 ሰዓት ደቂቃ 600። ቲዩቡም፣ መዝገቡም፣ ኮምፒውተሩም ደቂቃ ብቻ ያውቃሉ። ቲዩቦቹን ቀን ላይ፣ ነቅታችሁ ሳላችሁ ሌብል አድርጉ። ውኃ በማይለቀው ቀለም ጻፉ፤ በረዶ ውስጥ ብዕር ይታጠባል።

4. ቱቦው ስንት እንደሚይዝ ለኩ።

ሻይ ወይም ቀለም የገባበት ውኃ በሌላ ተመሳሳይ ቱቦ ሙሉና በሲሪንጅ ገፍታችሁ አውጡት። የወጣው 1.2 ሚሊ ሊትር ከሆነ ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት ቢያንስ 2.4 መሳብ አለባችሁ። ካልሳባችሁ ናሙናው በሳላይን ይቀጥናል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ እናንተም «ዝቅታ» ብላችሁ ታነቡታላችሁ። የለካችሁበትን ቱቦ ጣሉት፤ ለሰው አይገጠምም።

5. ካኑላውን አስገብታችሁ ጠብቁ።

ከ11 ሰዓት ተኩል አታሳልፉ። ክንዱ ላይ፣ ከክርን በታች ጥሩ ደም ሥር ፈልጉ፤ ክርኑ መታጠፊያ ላይ ከገባ ሰውዬው ሲገላበጥ ይዘጋል። እጇ የሚታመን ሲስተር ታስገባው፣ ተለማማጅ አይሞክርበት። ከዚያ ራት 12 ሰዓት ላይ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ያርፋል። ከመርፌው እስከ ደቂቃ 0 ድረስ ያለው 2 ሰዓት ተኩል የመርፌው ድንጋጤ የሚወጣበት ነው። ጭንቀት ከደረሰ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ኮርቲሶል ጫፍ ይደርሳል፣ ለመውረድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ካኑላ አስገብቶ ወዲያው የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ጉብታው የራሱ መርፌ ነው።

ድሪፑ ጠብ ጠብ ይበል። በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሌሊት ለሽንት ይነሣል። አልጋው ሥር መሽኛ አስቀምጡ።

6. አንዱን ዙር እንዲህ ቅዱ።

እያንዳንዱ ዙር ከሌላው ጋር አንድ መሆን አለበት። 73 ጊዜ ትሠሩታላችሁና እጃችሁ እስኪለምደው አስቀድማችሁ በውኃ ተለማመዱ።

ከሰዓቱ 2 ደቂቃ ሲቀር ጓንት ቀይሩ፣ ድሪፑን ዝጉ። የስሪ ዌዩን አፍ በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። 5 ሚሊ ሊትሩን ሲሪንጅ በመጀመሪያው ስሪ ዌይ ገጥማችሁ በዝግታ 2.4 ሳቡ። በኃይል ከጎተታችሁ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ የፈነዳ ደም ኤሲቲኤችን ያበላሻል። ይህ ሲሪንጅ እዚያው እንደተገጠመ ይቆይ።

ልክ በሰዓቱ ሁለተኛውን ስሪ ዌይ አዙሩና በአዲስ ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ውሰዱ። ናሙናው ይህ ነው። ለሚያሽከረክረው ሰው አቀብሉ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ደም መልሱ። መልስ የሚባለው ግን ፕሮቶኮሉ ከፈቀደ፣ ሲሪንጁ ካልተነቀለ፣ ከ2 ደቂቃ ካላለፈና የረጋ ነገር ካልታየበት ነው። ጥርጣሬ ካለ ጣሉት፣ የጣላችሁትንም መጠን ጻፉ። በ3 ሚሊ ሊትር ሳላይን እጠቡ፣ ድሪፑን ክፈቱ። አለቀ። 6 ደቂቃ ቀረላችሁ፤ ቁጭ በሉ።

ከ1 ደቂቃ በላይ ከዘገያችሁ የታቀደውን ሳይሆን የተቀዳበትን እውነተኛ ደቂቃ ጻፉ። 150 ሊሆን የሚገባው በ153 ተቀድቶ «150» ከተባለ ውሸት ነው፤ 153 ተብሎ ከተጻፈ ግን ምንም ችግር የለበትም።

ተሳታፊው ካዞረው፣ ካላበው፣ «ጋሼ እንዴት ነዎት?» ስትሉት መልሱ ከዘገየ፣ አቁሙና ሐኪሙን ጥሩ። ናሙና ይቀራል።

7. በረዶው ላይ፣ ከዚያ ማሽከርከሪያው ውስጥ።

ደሙን ቀድሞ በበረዶ ወደቀዘቀዘው ቲዩብ በዝግታ ግፉ፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ገልብጡ። አትነቅንቁት። ኤሲቲኤች ሙቀት ላይ ቶሎ ይፈርሳል፣ ከብርጭቆም ይጣበቃል፤ ለዚህ ነው በረዶና ፕላስቲክ ያልኳችሁ። ኮርቲሶል ቻይ ነው።

በረዶው ብቻውን አይበቃም፤ ውኃ ጨምሩበት። ደረቅ የበረዶ ኩብ ቲዩቡን በሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ይነካዋል፤ ውኃ ያለበት ግን ዙሪያውን ያቅፈዋል። ጨው ግን አትጨምሩ፦ ከዜሮ በታች ይወርድና ደሙ በረዶ ይሆናል፣ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። በሚያዝያ ሙቀት አንድ አይስ ቦክስ ሌሊቱን አይዘልቅም። ሁለተኛ አዘጋጁ።

በየ30 ደቂቃው ሦስት ሦስት ቲዩብ እያደረጋችሁ በ4 ዲግሪ፣ በ1500 ጂ (የመሬት ስበት 1500 እጥፍ)፣ ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩ። እዚህ ላይ «በደቂቃ 3000 ዙር ነው» የሚል ይኖራል። ዙርና ጂ አንድ አይደሉም። ጂ ለማግኘት 0.00001118 በመሽከርከሪያው ክንድ ርዝመት (በሴንቲ ሜትር)፣ ከዚያ በዙሩ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይባዛል። ክንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3000 ዙር 1500 ጂ ይሰጣል። ክንዷ 8 የሆነች ትንሽ ማሽን ግን በዚያው 3000 ዙር 800 ብቻ።

8. አከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ።

ፕላዝማውን (ከሴሎቹ በላይ የተለየውን ፈሳሽ) በ2 ትንንሽ ቲዩብ ክፈሉ፤ አንዱ ለኮርቲሶል፣ አንዱ ለኤሲቲኤች። ከታች ያለውን የሴል ንጣፍ አትንኩ፣ ጥቂት ፕላዝማ ይቅር። አንዴ የቀለጠ እንደገና አይቀዝቅዝ።

መብራት ይጠፋል። ይህን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ፕሮግራም ያዙት። ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር አትክፈቱ። አንድ ስኒ ውኃ አቀዝቅዛችሁ ላዩ ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጡና ፍሪዘሩ ውስጥ ተዉት። ሰኞ ስትመጡ ሳንቲሙ ታች ወርዶ ካገኛችሁት በሌላችሁበት ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል። ሳንቲሙ ላይ ካለ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ከ−80 ወደ −10 ቢወጣ ሳንቲሙ አይነግራችሁም። ለዚያ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚያስታውስ ቴርሞሜትር ግዙ።

ናሙናው አዲስ አበባ የሚመረመር ከሆነ በደረቅ በረዶ (በቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ነው የሚሄደው። በመኪና ከሆነ ዐባይ በረሃ ላይ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ለመንገዱ ከሚበቃው እጥፍ ጫኑ። ሣጥኑን አየር በማያስወጣ ክዳን አትዝጉ፣ ከበረዶው የሚወጣው ጋዝ ሣጥኑን ያፈነዳዋል፤ ጋዙ እንዳያፍናችሁም መስኮት ክፈቱ።

9. የሆነውን ሁሉ ጻፉ።

ከናሙናው መዝገብ ሌላ አንድ ደብተር ይኑር። እንዲህ ያለ፦

ደቂቃ 118 – ሽንት ቤት ሄደ፣ ተመለሰ።
ደቂቃ 125 – ተኛ ይመስላል።
ደቂቃ 265 – ውሻ ጮኸ፣ አልነቃም።
ደቂቃ 340 – ካኑላ ተዘጋ። ግራ ክንድ ላይ አዲስ ገባ፣ 2 ሙከራ። ነቅቷል።
ደቂቃ 395 – እንደገና ተኛ።

የደቂቃ 340ው እውነተኛ ነው። ተረኛ ሲቀያየር አንድ ዙር ሳላይን ሳይገፋ ቀረ፣ ደሙ ረጋ። ግራፉ ላይ ከ350 ጀምሮ ቆንጆ፣ ክብ፣ መጽሐፍ ላይ የሚሣል ዓይነት ምት ወጣ። ተማሪው ደስ ብሎት ሊሞት። ደብተሩን ገልጬ አሳየሁት። ያ ምት የኛ መርፌ ነበር። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ጥናቱ ውስጥ ይገባ ነበር።

10. ካኑላውን አውጡ።

ደቂቃ 720ን ከቀዳችሁ በኋላ ድሪፑን ዝጉ፣ አውጡ፣ ለ5 ደቂቃ ጫን አድርጉ። ቁርስ ይብላ፣ አሁን ቡናም ይጠጣ። መርፌው ሁሉ ሴፍቲ ቦክስ። በማግስቱ ደውላችሁ ክንዱን ጠይቁት፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ይምጣ።

11. የአንድን ሰው ናሙና አትበትኑ።

ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ የኪት ሎት (በአንድ ዙር የተመረተ ኪት)፣ በአንድ እጅ ይመርመር። በተለያየ ቀን የተመረመረ ናሙና መካከል ያለው ልዩነት ከምቱ ሊበልጥ ይችላል።

ምርመራው ኤሊሳ (ሆርሞኑን በቀለም ለውጥ የሚለካው ስልት) ከሆነ፣ ናሙናው የሚገባበት ፕሌት 96 ጉድጓድ አለው። 7 ስታንዳርድ (መጠናቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎች) በሁለት ሁለት 14፣ 2 መቆጣጠሪያ በሁለት ሁለት 4፤ 78 ቀረ። እያንዳንዱ ናሙና በሁለት ጉድጓድ ስለሚገባ 39 ናሙና። 73ቱ ሁለት ፕሌት ይፈልጋሉ፣ 5 ቦታም ይተርፋል። ያንን ቦታ አታባክኑት። የመጀመሪያው ፕሌት ከደቂቃ 0 እስከ 380፣ ሁለተኛው ከ340 እስከ 720 ይውሰድ። 5ቱ ናሙናዎች በሁለቱም አሉ። ቁጥራቸው ከተቀራረበ ፕሌቶቹ ይገናኛሉ። ካልተቀራረበ ደቂቃ 380 ላይ የምታዩት ዝላይ የፕሌት ዝላይ ነው።

ላብራቶሪው ውጤቱን በማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር ከሰጣችሁ በ27.6 አባዙት፣ ናኖ ሞል በሊትር ይሆናል።

12. ምቱን ለዩ።

መጀመሪያ ያለ ኮምፒውተር፣ በዓይን። ተኝቶ ያለ ጤነኛ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ናኖ ሞል በሊትር በታች ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተኝቶ ነበር ወይ? ደብተሩን እዩ።

ቀጥሎ ብቻቸውን የቆሙትን ነጥቦች ፈትሹ። ሦስት ተከታታይ ናሙና 200፣ 420፣ 205 ካለ 420ው ስህተት ነው። ለምን? ኮርቲሶል በግማሽ ለመውረድ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በ10 ደቂቃ የሚቀንሰው 10 በመቶ ገደማ ነው። ከ420 ተነሥቶ በ10 ደቂቃ ወደ 205 ሊወርድ አይችልም፤ ቲዩብ ተቀያይሯል ወይም ፒፔቱ ተሳስቷል። ወደ ላይ ግን በፍጥነት መውጣት ይችላል። እውነተኛ ምት የቆመ ግድግዳ ፊት፣ ጋደል ያለ ጀርባ አለው። ኤሲቲኤች ላይ ይህን ሕግ አትጠቀሙ፤ እሱ ቶሎ ይወርዳል።

አንድ ነጥብ ብቻዋን ወደ ታች ከወደቀች ደግሞ ሳላይን ጠርጥሩ። በዚያው ናሙና ጠቅላላ ፕሮቲን አሠሩ። ፕሮቲኑም አብሮ ከወረደ ቀጥኗል ማለት ነው።

ከዚያ ወሰን አውጡ። የምርመራችሁ መዋዠቅ 6 በመቶ ከሆነ 200 ላይ 12 ነው፤ ሦስት እጥፉ 36። ከ200 ወደ 225 የወጣውን ምት አትበሉት። ወደ 260 የወጣውን ቁጠሩት። ይህንን በሥርዓት የሚሠሩ ስልቶች አሉ። ክላስተር የሚባለው የነጥቦችን ቡድን እያነጻጸረ ጫፍና ሸለቆ ይለያል። ዲኮንቮሉሽን ደግሞ አንድ ደረጃ ይሻገራል፦ ደም ውስጥ ያለውን መጠን ወስዶ ዕጢው መቼ ምን ያህል እንደለቀቀና ሰውነት ምን ያህል እንዳስወገደ ይለያያል። የምትጠቀሙበትንና ወሰኑን ዳታውን ከማየታችሁ በፊት ወስኑ። የሚቆጥረው ሰውም ተሳታፊው ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ምት ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ከመርፌ፣ ከምግብ፣ ከንቃት በኋላ ባሉት 40 ደቂቃዎች ውስጥ ያለውን ለብቻው ምልክት አድርጉበት። አትሰርዙት፤ ለብቻው ቁጠሩት።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

በየ10 ደቂቃው በመርፌ መውጋት። አዎ፣ የጠየቀኝ አለ። ካኑላ ካልቆየ የምትለኩት የመወጋትን ፍርሃት ነው።

ድሪፑ ሳይዘጋ መቅዳት። በ4ኛው ደረጃ ያልኩትን ማቅጠን ያመጣል።

የደም ግፊት መለኪያውን በየሰዓቱ ሌሊት መንፋት። ክንድ የሚጨመድድ መሣሪያ ማንንም ይቀሰቅሳል። የግድ ካስፈለገ ካኑላ በሌለበት ክንድ፣ ከእንቅልፍ በፊትና በኋላ።

የተለያዩ ሰዎችን አማካይ ግራፍ አውጥቶ «ምት የለም» ማለት። የኔና የናንተ ምት በአንድ ደቂቃ አይመጣም። ሲደመር ይጠፋፋል፣ ለስላሳ ጉብታ ብቻ ይቀራል። ምት ሁልጊዜ በአንድ ሰው ግራፍ ላይ ይቆጠር፣ ከዚያ ቁጥሮቹ ይነጻጸሩ።

ያመለጠን ናሙና በግምት መሙላት። ባዶውን ባዶ ተዉት። ሁለት ተከታታይ ካመለጡ በዚያ 30 ደቂቃ ውስጥ ምት ነበረ ወይም አልነበረም አትበሉ።

ምራቅ ይበቃል ብሎ ማሰብ። ምራቅ ለጠዋትና ለማታ ይሠራል፤ ግን የተኛን ሰው በየ10 ደቂቃው ጥጥ አኝክ ልትሉት ነው?